ጥርስ ከመነቀሉ በፊት
(በአዲስ ከተማ፣ መርካቶ፣ ለማታ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ሱቁን ዘግታችሁ፣ ጉሊቱን ጠቅልላችሁ፣ ሸክሙን አውርዳችሁ በዚህ ሰዓት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ፊደሉን ቆጥራችሁ ጨርሳችኋል፤ የቀረው ፊደሉን ሥራ ላይ ማዋል ነው። እኔ ለማስተማር ተመድቤ የመጣሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ለማንም መድኃኒት አላዝም፤ መድኃኒት አቁሙም አልልም። የዛሬው ንግግሬ ሐኪሞች በደንብ ስለሚያውቁት፣ እኛ ግን አፍረንም ሆነ ፈርተን ሳንጠይቃቸው ስለምንቀረው አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥርሱን ሲታመም ምን ማድረግ እንዳለበት ነው።

በርበሬ ተራ የምትነግድ አንዲት እናት እናስብ። ልቧን ታክማ በየቀኑ ኪኒን ትውጣለች። ጥርሷ ሲጠዘጥዛት አደረ። ቅርንፉድ ነከሰችበት፣ አረቄ ያዘችበት፣ አልተዋትም። ሲነጋ ከሁለት አንዱን ታደርጋለች። ወይ «ስለ ኪኒኑ ከነገርኳቸው አይነቅሉልኝም» ብላ ትደብቅና ጥርሷን ታስነቅላለች፤ ማታ ትራሷ በደም ርሶ ያድራል። ወይም ጎረቤቷ «ደምሽ እንዳያልቅ ኪኒኑን አንድ ሳምንት ተይው» ትላታለች፤ ትተወዋለች። ጥርሱ በደኅና ይነቀላል፣ ደሙም ቶሎ ይቆማል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። በስምንተኛው ቀን ግን ሚዛን እንደያዘች ግማሽ አካሏ ይደነዝዝና ምላሷ ይተሳሰራል። ሰፈሩ «ምች መታት» ይላል። ምች አይደለም። ልቧ ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ደፍኖት ነው።

ከሁለቱ መንገዶች የትኛው የከፋ ነው ብትሉኝ፣ ሁለተኛው ነው እላለሁ። ከድድ የሚፈስ ደም ያስፈራል እንጂ ይታያል፤ ተጭኖ ማቆምም ይቻላል። አንጎል ውስጥ የገባን የረጋ ደም ግን ማን በጣቱ ይጫነዋል? ማይክል ዋል የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 የቆዩ የሕክምና ጽሑፎችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ለጥርስ ሕክምና ሲባል መድኃኒታቸውን ካቋረጡ 500 ያህል ሰዎች መካከል 5ቱ በረጋ ደም ክፉኛ ተጎድተው 4ቱ ሞተዋል። መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ጥርሳቸውን ከታከሙት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል ግን ደሙ አፍ ውስጥ በሚደረግ ሕክምና ብቻ አልቆም ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። በደም መፍሰስ የሞተም አልነበረም። ከመቶ አንድ ሰው ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። አንድ ጥርስ ለማስነቀል ግን ብዙ ነው።

ለመሆኑ ደም ማቅጠኛ ምንድን ነው? ስሙ ራሱ ያሳስታል። ወጥ ውኃ ሲጨመርበት እንደሚቀጥን፣ ደም በኪኒን አይቀጥንም። መድኃኒቱ የሚያደርገው ደም የሚረጋበትን ጊዜ ማዘግየት ነው። ወተት እንዴት እንደሚረጋ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሞቅ ያለ ቦታ ካስቀመጡት ቶሎ ይረጋል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ከሆነ ይዘገያል እንጂ ወተትነቱን አይለቅም። የደምም ነገር እንዲሁ ነው።

ጣታችን ሲቆረጥ በደማችን ውስጥ ያሉ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ተሯሩጠው ቀዳዳው ላይ ይከመራሉ። ቀጥሎ ፋይብሪን የሚባል ክር ይደራና እንደ መረብ አንድ ላይ ያስራቸዋል። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል የሚባሉት መድኃኒቶች የመጀመሪያዎቹን ሯጮች ያሰንፋሉ። ዋርፋሪን ደግሞ ክሩ እንዳይደራ ያዘገያል። ጉበታችን ለክሩ የሚያስፈልገውን ነገር የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው፤ ዋርፋሪን ያንን ቫይታሚን ሥራ ያስፈታዋል።

ከዚህ አንድ የሚጠቅመን ነገር እናገኛለን። አስፒሪን የነካው ፕላትሌት እስኪሞት ድረስ እንደሰነፈ ይቀራል፤ ዕድሜውም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። የዋርፋሪንም ኃይል ከቆመ በኋላ 5 ቀን ገደማ ይቆያል። ስለዚህ «ዛሬ ጥርሴን ስለማስነቅል ጠዋት ኪኒኔን አልዋጥኩም» ማለት የዛሬውን ደም አያቆምም። የነገውንና የተነገ ወዲያውን ጥበቃ ግን ያጎድላል። ኪሳራ ብቻ ያለበት ንግድ ማለት ይኸ ነው።

እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስደው ማን ነው? በሀብታሞቹ አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌና አሮጊት ነው። በእኛ አገር ግን ወጣቱም ብዙ ነው። ምክንያቱ ከጉሮሮ ይጀምራል። ልጆች ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ተውሳክ ጉሮሯቸው ይቆስላል። ካልታከመ በአንዳንዶቹ ላይ የሩማቲክ ትኩሳት ያመጣል። ሰውነት ተውሳኩን እዋጋለሁ ሲል የራሱን ልብ ይመታል። የልብ በሮች፣ ማለትም ቫልቮቹ፣ ይጠባሳሉ፤ ወይ በደንብ አይከፈቱም፣ ወይ ገጥመው አይዘጉም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ተማሪ ቤቶች ከተመረመሩት ልጆች ከ1,000 ውስጥ 6 ያህሉ ይህ የልብ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በዚህ መንገድ ልቡ የተጎዳ ልጅ ሲያድግ፣ ልቡ ምቱን እያዛባ ደም ውስጡ እንዲረጋ ያደርጋል። ወይም ቫልቩ በብረት ይለወጥለታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለውን የልብ ሕክምና ማዕከል ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልጆች ብለው የደከሙበት ቤት ነው። የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ዋርፋሪኑን ዕድሜ ልኩን ይውጣል። እዚህ ላይ በቅንፍ አንድ ነገር ልናገር። ጉሮሮው ለቆሰለ ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ተውሳኩን አይገድለውም፤ የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው።

ከልብ ሕመምተኞቹ ሌላ፣ እግራቸው ላይ ደም የረጋባቸው፣ አንድ ጊዜ ስትሮክ ያገኛቸው፣ የልብ ደም ሥራቸው የጠበበባቸው ሰዎችም ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱን ይወስዳሉ። አንዳንዱ ሰው ግን አስፒሪን እየዋጠ «እኔ ደም ማቅጠኛ አልወስድም» ይላል። በቀን አንዷ ትንሽ አስፒሪንም ከዚሁ ትቆጠራለች።

በቅርብ ዘመን ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን፣ ዳቢጋትራን የሚባሉ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል። ደም በየጊዜው ማስለካት ስለማይጠይቁ «አሮጌውን ዋርፋሪን ለምን በአዲሱ አይለውጡልኝም?» የሚል ሰው አለ። ለብዙ ሕመምተኛ ጥሩ ናቸው፤ ለሁሉም ግን አይሆኑም። የብረት ቫልቭ ላለው ሰው ዳቢጋትራን ተሞክሮ ጉዳቱ ስላመዘነ ሙከራው እንዲቆም ተደርጓል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ወጣ። በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ አገሮች ሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸውና የልብ ምታቸው የተዛባ ከ4,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ነው። ርካሹና አሮጌው ዋርፋሪን ከሪቫሮክሳባን የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ በዋርፋሪን ወገን የሞቱት አነሱ። አዲስ ሁሉ ይሻላል የሚለው የመርካቶ ሕግ እዚህ ላይ አልሠራም።

የዋርፋሪንን ታሪክ ባልነግራችሁ ይቆጨኛል፤ ታሪኩ የገበሬና የከብት ታሪክ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ከብቶች በማይታወቅ ምክንያት ይሞቱ ጀመር። ቀንዳቸው ሲቆረጥ ወይም ሲኮላሹ ደማቸው አልቆም ይላል። የከብት ሐኪሞቹ መርምረው ነገሩ ከሚበሉት ድርቆሽ መሆኑን ደረሱበት፤ እርጥበት ገብቶት የሻገተ ጣፋጭ ክሎቨር የተባለ ሣር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 በዊስከንሰን አንድ ገበሬ የሞተች ጊደር፣ የማይረጋ ደም የሞላበት ዕቃና ያንኑ ድርቆሽ መኪናው ላይ ጭኖ በበረዶ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ። ካርል ሊንክ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅና ረዳቶቹ ዓመታት ደክመው ደም የሚያዘገየውን ነገር ከሣሩ ለይተው አወጡ። ከዚያ ቤተሰብ የተሠራው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። በዓመቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ታዘዘላቸው። ዛሬም በዓለም ገበያ ከሚሸጡት የአይጥ መርዞች ብዙዎቹ የዚሁ ዘመዶች ናቸው። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። አንድ ነገር መርዝ ወይም መድኃኒት የሚሆነው በመጠኑ መሆኑን እንድታስተውሉ ነው።

መጠኑስ በምን ይታወቃል? በቁጥር ይታወቃል። ቁጥሩ አይ ኤን አር ይባላል፤ ከደም ይለካል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 ያጸደቀው፣ በየትም አገር ቢለካ አንድ ዓይነት ትርጉም ያለው ቁጥር ነው። መድኃኒቱን የማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 ገደማ ነው። ዋርፋሪን ለሚወስድ ብዙ ሰው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። የብረት ቫልቭ ላላቸው አንዳንዶች ሐኪሙ እስከ 3 ተኩል ያደርሰዋል። ቁጥሩ ካነሰ ደም የመርጋት አደጋ አለ፤ ከበዛ የመፍሰስ። የሚዛን ነገር ለናንተ አይነገርም።

ለጥርስ ጉዳይ ቁልፉ ይኸው ቁጥር ነው። የእንግሊዝ የጥርስ ሐኪሞች የሚሠሩበት መመሪያ ቁጥሩ ከ4 በታች ከሆነ ዋርፋሪን ሳይቋረጥ ጥርስ መንቀል ይቻላል ይላል፤ በአንድ ቀጠሮ እስከ ሦስት ጥርስ ድረስ። ቁጥሩ ግን የዛሬ ሦስት ወር የተለካ መሆን የለበትም። ከመነቀሉ በፊት ባለው አንድ ቀን ውስጥ፣ ቁጥሩ ሁልጊዜ የማይዋዥቅ ሰው ከሆነም በሦስት ቀን ውስጥ የተለካ መሆን አለበት። ከ4 በላይ ከሆነ ነቀላው ይቆይና ሕመምተኛው መድኃኒቱን ወዳዘዘለት ሐኪም ይሄዳል። አስፒሪን ብቻ የሚወስድ ሰው ሳያቋርጥ ይነቀላል። አስፒሪንና ክሎፒዶግሬል አንድ ላይ የሚወስድ ሰውም እንዲሁ፤ ደሙ ግን ትንሽ እንደሚቆይ አስቀድሞ ይወቅ። የልብ ደም ሥሩ ውስጥ የሽቦ መደገፊያ የገባለት ሰው እነዚህን ሁለቱን በገዛ እጁ ቢያቆም መደገፊያው በረጋ ደም ሊደፈንበት ይችላል። አዲሶቹን መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው፣ ነቀላው ብዙ የሚያደማ ከሆነ ሐኪሙ የዚያን ቀን ጠዋት የሚዋጠውን ብቻ ሊያስቀር ወይም ሊያዘገይ ይችላል። ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ጎረቤት አይደለም፣ እኔም አይደለሁም።

ጥርስ ማስሞላት፣ ማስመርመር፣ ለጥርስ ልክ መስጠት ይህን ያህል ደም የለውም። በዚህ ፈርቶ የቀረ ሰው መጨረሻው ያው ነቀላ ነው።

ታዲያ ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ስትደርሱ፣ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ተናገሩ። አፍ ከተከፈተ በኋላ መናገር የለም። የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ፤ ከገበያ የገዛችሁትን የባህል መድኃኒትም ጭምር። ከነገራችኋቸው ሐኪሙ ይዘጋጃል። ጥርሱን ቀስ ብሎ ይነቅላል፣ ጉድጓዱ ውስጥ ደም የሚያረጋ ስፖንጅ መሰል ነገር ይጨምራል፣ ይሰፋዋል፣ ጋዝ ያስነክሳችኋል፣ ደሙ መቆሙን ሳያይ አይሸኛችሁም። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል መጉመጥመጫም የሚያዝዝ አለ። ካልነገራችሁት ግን ከነዚህ አንዱንም ላያደርግ ይችላል። በየሰፈሩ በጉጠት የሚነቅል ሰው ዘንድ ደግሞ ብትነግሩትም የሚሰፋበት ክርና መርፌ የለውም።

የብረት ቫልቭ ያላችሁ ሌላም የምትናገሩት አለ። ጥርስ ሲነቀል ከአፍ የሚነሣ ተውሳክ በደም ተጉዞ ቫልቩ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ስለዚህ ከነቀላው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የምትወጉ ከሆነም ያንን ጨምሩበት፤ የአንቲባዮቲኩ ምርጫ ሊለወጥ ስለሚችል ነው።

አሁን ወደ መድኃኒት ቤቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኔ አስተያየት ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነውና። ጥርሱን የታመመ የመርካቶ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጥርስ ሐኪም አይደለም። ሁለት ደንበኛ መሐል ብድግ ብሎ መድኃኒት ቤት ይሄድና «የጥርስ ስጡኝ» ይላል። የሚሰጠውም የታወቀ ነው፤ ለሕመሙ ዳይክሎ ወይም አድቪል፣ ለእብጠቱ ፍላጂል። ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ሁሉም አስጊዎች ናቸው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ አድቪል የሚባለው ማለት ነው፣ ፕላትሌቱን ያሰንፋሉ፤ ጨጓራም ያደማሉ። ፍላጂል፣ በሌላ ስሙ ሜትሮኒዳዞል፣ ጉበት ዋርፋሪንን እንዳያስወግድ ይከለክላል። አይ ኤን አሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ሰውዬው የዋጠው ዋርፋሪን ያው ነው፤ ሥራው ግን እጥፍ የወሰደ ያህል ይሆናል። ፍላጂል በአገራችን ለአሜባም ለጃርዲያም በየቤቱ የሚዋጥ ስለሆነ እንደ መድኃኒት የሚቆጥረው ሰው እንኳ የለም። ባክትሪም፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ፍሉኮናዞል፣ ለአፍ ቁስለት የሚቀባው ሚኮናዞልም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ታዲያ ሕመሙን ምን ያስታግሰው? ፓራሲታሞል ይሻላል። እሱም ቢሆን በተጻፈው መጠን ነው፤ ሙሉ መጠኑን ለብዙ ቀን ማከታተል ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። አስፒሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግም ይቅር፤ ድዱን ያቃጥላል። አንቲባዮቲክ የግድ ካስፈለገ የሚያዘው ሰው ዋርፋሪን እንዳለ ይወቅ፤ ከተጀመረም በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ ቁጥሩ እንደገና ይለካ።

የምግብም ነገር አለ። ቀደም ሲል ዋርፋሪን ቫይታሚን ኬን ሥራ ያስፈታል ብያለሁ። ይህ ቫይታሚን የሚበዛው በጎመን፣ በቆስጣና በሰላጣ ነው። ክረምቱን ጎመን ሳይነካ ከርሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሙሉ ጎመን በጎመን የሚሆን ሰው፣ ኪኒኑን ሳያጓድል ቁጥሩ ሊወርድበት ይችላል። ፋሲካ ሲመጣ ጎመኑን ትቶ ሥጋ ብቻ ይበላል፤ ቁጥሩ ይወጣል። እንግዲህ ጎመን አትብሉ፣ ወይም አትጹሙ ማለቴ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ ብሉ፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ቁጥራችሁን አስለኩ፤ ጥርስ የማስነቀል ቀጠሮንም ከነዚህ ሳምንታት አርቁ። በረመዳን የምትጾሙም እንደዚሁ። ዋርፋሪን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ፣ ማታ የሚዋጥ ስለሆነ ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ማስማማት አይከብድም። አረቄን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ቁጥሩን ያናውጠዋል።

ቀጠሮው መቼ ይሁን? እዚህ ላይ ከናንተ ጋር እንደማልስማማ አውቃለሁ። የመርካቶ ሰው የሚታከመው ገበያው ሲበርድለት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ግን የተሻለው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ጠዋት ነው። ምክንያቱም ደሙ እንደገና ቢነሣ ቀኑ ገና ነው፣ ሐኪሙም አለ፤ በማግስቱ ቢነሣም እንዲሁ። ቅዳሜ ማታ ተነቅሎ ሌሊቱን የደማ ሰው ማንን ያንኳኳል? የሰኞ ጠዋት ገበያ መቅረቱ ይጎዳል፤ አይካድም። ግን አስቀድሞ ታውቆ ለጎረቤት ሱቅ አደራ የሚባል ግማሽ ቀን ነው።

ከተነቀለ በኋላ ጋዙን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አጥብቆ መንከስ ያስፈልጋል። በየደቂቃው አውጥቶ «ቆመ ወይ?» ብሎ ማየት የሚረጋውን ይነቅለዋል። ያን ቀን አፍ አይጉመጠመጡም፣ አይተፉም፣ ሲጋራ አያጨሱም፣ በምላስም ሆነ በእንጨት አይጎረጉሩም። ትኩስ ነገር የረጋውን ደም ያላላዋል፤ ስለዚህ ቡናውም ሾርባውም ይብረድ። ቡና በረደ ማለት ቡና አይደለም የምትሉ አላችሁ፤ ለአንድ ቀን ነው። ተሸካሚ ወንድሞቼ፣ ያን ቀንና በማግስቱ ከባድ ሸክም አታንሡ፤ ጎንበስ ብሎ መሸከም ደምን ወደ ራስ ያመጣዋል። ማታ ትራሱ ከፍ ይበል።

ምራቅ በደም ቢቀላ አትደንግጡ፤ ጥቂት ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል። አፍ በደም የሚሞላ ከሆነ ግን ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ንጹሕ ጋዝ፣ ከሌለም ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጉድጓዱ ላይ አድርጋችሁ በሰዓት 30 ደቂቃ ንከሱ። ከዚያ በኋላም ካልቆመ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሽንት ከቀላ፣ ሰገራ እንደ ቅጥራን ከጠቆረ፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ድንገት ከተነሣ የጥርሱ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ መዘግየት አያስፈልግም።

ከጥርስ ወጣ ያለ ቢሆንም ለሴቶች እህቶቼ አንድ ነገር ልጨምር። ዋርፋሪን ማኅፀን ውስጥ ያለን ጽንስ ይጎዳል። የወር አበባዋ የቀረባት ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት መድኃኒቱን በራሷ ሳታቆም፣ ቶሎ ብላ ለልብ ሐኪሟ ትንገር።

ነቀላ እንዳይመጣ ጥርሱን መጠበቅ ይቻላል። ብዙ ሕመምተኛ ድዱ ሲደማበት መቦረሽ ይተዋል። ሲተወው ድዱ ይብሱን ያብጣል፤ ይብሱን ይደማል። ለስላሳ ብሩሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። መፋቂያ የምትወዱ ወይራውንም ክትክታውንም አልከለክልም፤ ጫፉን እስኪለሰልስ አኝካችሁት፣ ድዱን ሳትወጉ ፋቁበት።

በመጨረሻ የመጣሁበትን ጉዳይ፣ የፊደሉን ነገር እናንሣ። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚያውቀው በቀለሙ ነው። «ሮዟን ኪኒን ነው የምወስደው» ይላል። መርካቶ ደግሞ ዕቃ ከየአገሩ የሚገባበት ቦታ ነው፤ መድኃኒትም እንደዚሁ ከየአገሩ ይመጣል፣ ዘመድም ከውጭ ይልካል። በእንግሊዝ ልማድ ሮዝ የሆነው ዋርፋሪን 5 ሚሊ ግራም ነው። በአሜሪካ ልማድ ሮዙ 1 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ቀለም፣ አምስት እጥፍ ልዩነት። ቀለሙን ሳይሆን ቁጥሩን አንብቡ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ያው የተማራችሁት 1 እና 5 ነው። ስሙ በውጭ ፊደል ከሆነ ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ «እባክዎ በአማርኛ ይጻፉልኝ» በሉ። አያሳፍርም።

አሁን ደብተራችሁን አውጡና የምለውን ጻፉ። መድኃኒቱን የማይወስድም ይጻፍ፤ እናቱ ወይም ወንድሙ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ባዶውን ቦታ ከካርዳችሁ ላይ እያያችሁ ቤት ሙሉት፤ ወረቀቱንም ቀዳችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙት።

«እኔ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት እወስዳለሁ። በቀን የምወስደው ........ ሚሊ ግራም ነው። የምወስደው ለ........ ሕመም ነው። የመጨረሻው የአይ ኤን አር ቁጥሬ ........ ነው፤ የተለካውም በ........ ቀን ነው። የልቤ ቫልቭ የብረት ነው ወይም አይደለም ........። የሚከታተለኝ ሐኪም የሚገኘው በ........ ነው። ሐኪሜን ሳትጠይቁ መድኃኒቴን አታስቁሙኝ።»